ደምዎ ነጻ ነው

ልጄ ያንን ቃል ከየት አመጣው? ከቤቱ እንዳልል፣ በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር ተነግሮ አያውቅም፤ አባቱ ቁጡ ነበር እንጂ አፉ ለዚህ ዓይነቱ አልተፈታም። ከሥራው እንዳልል፣ መስታወት ቆራጭ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከመስታወት ጋር ነው፤ መስታወት ደግሞ ሰው አያማም። እንጃ። ጠዋት በሆስፒታሉ ኮሪደር፣ የልጅ ልጄን ጫማ በእጄ ይዤ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ነበር። ከማደንዘዣዋ ሐኪም ክፍል በሩ ገርበብ እንዳለ የልጄ ድምፅ ወጣ። «አንደኛዋ እሷ ናት፣ ታወቀ። ሁለተኛውን እሷን ጠይቋት» አለ። አልጮኸም። ለደንበኛ የመስኮት ልክ እንደሚናገር ሰው ረጋ ብሎ ነው ያለው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸት ይበርዳል።  አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ባልዲዋን እየገፋች በፊቴ አለፈች፣ እኔንም ጫማውንም አየችና «አይዞዎት እናቴ» ብላኝ ሄደች። ምን ሰምታ እንደሆነ አላውቅም። ፊቴ ላይ ያለው ግን ሳይነበብ አልቀረም።

ወደ ሆስፒታሉ የሄድነው ለሌላ ነገር ነው። የልጅ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ሲተኛ ስለሚያንኮራፋ ቤት ውስጥ «ሞተሬ» ነው የምንለው። ማንኮራፋቱስ ባልከፋ፤ ክፉው ዝም ማለቱ ነው። ሞተሩ በመሀል ይጠፋል፣ ደረቱ ይነሣና ይቀራል፣ እኔ ከጎኑ ተጋድሜ «አንተ ልጅ ተንፍስ እንጂ» እያልኩ ትከሻውን እነቀንቃለሁ፣ ከዚያ እንደ ሰጠመ ሰው ትንፋሽ ስቦ ይነሣል። ቶንሲሉ አብጦ ጉሮሮውን ዘግቶታል ተባለና እንዲወጣለት ቀጠሮ ተያዘ። ስንት ወር ጠብቀን ቀኑ ነገ ሆነ። ዛሬ የመጣነው «የምታስተኛው ሐኪም አስቀድማ ልታየው ይገባል» ስለተባለ ነው። እኔ ማስተኛት እንኳ ይህን ያህል ወግ እንዳለው አላውቅም ነበር። መርፌ ይወጉታል፣ ይተኛል፣ ይነቃል ብዬ ነው የማስበው፤ ይነቃል የሚለውን ሌሊቱን ሁሉ ስደጋግመው አድሬ ነው የመጣሁት።

የማደንዘዣዋ ሐኪም የልጅ ልጄ ብትሆን የማላፍርባት ልጅ እግር ናት። ጸጉሯን በጨርቅ ቆብ ሸፍናዋለች፣ ቆቡ ላይ ትናንሽ ዓሦች ታትመውበታል። ሞተሬን አልጋው ላይ አስቀመጠችውና «ስምህ ማነው?» አለችው። «ሞተሬ።» «ነዳጅህስ ምንድን ነው?» «ብስኩት» አላት ሳያመነታ። ሳቀች፣ እኛም ሳቅን፤ ዛሬ ሁላችንም አንድ ላይ የሳቅነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እየሳቀች የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ሳበች፣ ሳቋም እዚያው ቆመ። ዓይኑ ቢጫ ቢጫ ይላል፣ ከመቼ ጀምሮ ነው አለች። እኛ እንደዚያው ነው የምናውቀው፤ የዓይኑ መልክ ነው ብለን። ሆዱን በግራ በኩል ጫን ጫን አደረገችው። እጅና እግሩን ያመዋል ወይ ስትል ምራቴ «በብርድ ጊዜ ያለቅሳል» አለች፣ ልጄ ደግሞ «ሲያድግ ነው፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ» አለ። ከዚያ ሐኪሟ «በቤተሰባችሁ የደም በሽታ ያለበት ሰው አለ? በልጅነቱ የሞተ፣ ደም የተሰጠው፣ ሲደነዝዝ ችግር የገጠመው?» አለች።

ምራቴ አፏን ከፍታ ነበር። ልጄ ቀደማት። «በእኛ ዘር የደም ነገር የለም። ንጹሕ ነን» አለ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ ለምን እንደነቀነቅሁ እግዜር ይወቀው። በእኛ ቤት «ሕመም አለባችሁ ወይ» ብሎ የጠየቀን ሰው «ሌቦች ናችሁ ወይ» ያለን ያህል ነው የምንመልስለት። ጉንፋን እንኳ ለጎረቤት አንናገርም። ሐኪሟ ግን አልተጣላችንም፣ አላመነችንምም። «እኔ ሳላጣራ ማንንም አላስተኛም» ብላ ወደ ላቦራቶሪ ላከችን። ላቦራቶሪው የልጁን ጣት ወጋ አድርጎ አንዲት ጠብታ ወሰደ። ሞተሬ «ይኼ ብቻ ነው?» አለ፣ ትልቅ ነገር ጠብቆ የቀረበት ይመስል።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ በሩን ገርበብ አደረገችና ወንበሯን ወደ እኛ አስጠጋች። ሐኪም ወንበር ሲያስጠጋ ደግ ነገር እንደማይናገር አውቃለሁ። በደም ውስጥ ያሉት ቀያይ ቅንጣቶች እንደ ልብስ ቁልፍ ክብ መሆን ሲገባቸው የእሱ አየር ሲያጥራቸው እንደ ማጭድ ይቆለመማሉ አለች። ተቆልምመው ቀጭኑን የደም ሥር ይዘጉታል፤ ለዚህ ነው እግሩን የሚያመው። ሲደነዝዝ ደግሞ አየር ካነሰው፣ ከበረደው፣ ውሃ ከጠማው ይብሳል። «ሳናውቅ አስተኝተነው ቢሆን ኖሮ» አለችና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። እኔ ጨረስኩት፣ በሆዴ። ከታወቀ ግን መላ አለው፦ ዛሬውኑ ተኝቶ ግሉኮስ ይሰካለታል፣ ሙቀት ይደረግለታል፣ ከማደንዘዣው በፊት ደም ይሰጠዋል። ከደም ባንኩ አንድ ከረጢት ሲወጣ ከቤተሰብ አንድ መተካት አለበት፤ ተተኪው የግድ ለእሱ አይሆንም፣ ለሌላ ሰው ይሄዳል፤ ብቻ ባዶ እጅ አይሆንም።

ምራቴ ወዲያው እጅጌዋን ሰበሰበች። ልብስ ንጽህና ቤት ነው የምትሠራው፣ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ከክንዷ እስከ አንጓዋ የካውያ ጠባሳ እንደ መሰላል ተደርድሯል። ሄዳ ተመለሰች። ደሟ አነስተኛ ስለሆነ አይወሰድም፣ ስትመረመርም ያው ነገር በእሷም ተገኝቷል፣ ግን ተሸካሚ ናት እንጂ ታማሚ አይደለችም ተባለ። ይኼኔ ሞተሬ ጫማውን አውልቆ ወንበር ላይ መውጣት ጀምሮ ስለነበር «ይዤው ልውጣ» ብዬ ወደ ኮሪደሩ አወጣሁት፣ አንድ ነርስ ልታጫውተው ወሰደችው፣ እኔ ጫማውን ይዤ ቀረሁ። ከበሩ ውስጥ ሐኪሟ ስትናገር ይሰማኛል። «ከአንድ ወገን ብቻ ቢሆን ልጁ እንደ እናቱ ተሸካሚ ይሆን ነበር። እንዲህ እንዲታመም ከሁለት ወገን መምጣት አለበት። እርስዎም ይታዩ፤ ቢገኝብዎትም ግድ የለም፣ ደምዎን እንወስዳለን» አለች። ልጄ ያንን ቃል የተናገረው ለዚህ መልስ ነው።

ምራቴ ወጣች። አላለቀሰችም። ጫማውን ከእጄ ተቀበለችና ልጇን ፍለጋ ሄደች፣ አረማመዷ ደንበኛ እንደሚጠብቃት ሰው ነው። ቀጥሎ እሱ ወጣ፣ «ሰው ይጠብቀኛል፣ የሱቅ መስኮት ነው» ብሎ በአጠገቤ አለፈ። እስከ በሩ ተከተልኩት። 

«አንተ! ምን ነክቶህ ነው?»

«እማዬ ተይኝ።»

«አልተውህም። ጣትህን በመስታወት ስትቆርጥ ነው የምትውለው። መርፌ ፈርተህ ነው?»

«ምን ያስፈራኛል? እኔ የለብኝም።» ዞር አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «አንቺ አለብሽ? አባዬ ነበረበት? አልነበረበትም። ታዲያ ከየት ይመጣብኛል? ከሰማይ ይወርድብኛል?»

«እሱን ልጁን እየው። ጆሮው የማን ነው? አረማመዱ የማን ነው?»

«ጆሮማ የሁሉም ሰው ጆሮ ነው» ብሎኝ ሄደ። በሩ ላይ ብርቱካን ጭማቂ የምትሸጥ ሴት «እናቴ ላድርግልዎ? ዛሬ ቀንሻለሁ» አለችኝ። ዋጋውን ነገረችኝ። ከገበያው እጥፍ ነበር፤ የታመመ ያለበት ሰው እንደማይከራከር ታውቃለች። እኔም አልተከራከርኩም።

ሞተሬን የሕፃናት ክፍል አስተኙት። ስድስት አልጋ አለ፣ መስኮቱ አንዱ ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል፤ ልጄ ቢያየው ደሙ ይፈላ ነበር፣ ካርቶን በመስታወት ቦታ ሲያይ አይወድም። ከጎናችን እጇ በሙቅ ውሃ የተቃጠለባት ሕፃን ናት። እናቲቱ ወፍራም፣ ወሬኛ፣ ደግ ሴት ናት። ሞተሬ ገና ጋደም ከማለቱ አንኮራፋ፤ «አቤት አቤት፣ ይኼስ ጭነት መኪና ነው፣ ሽቅብ እየወጣ ነው እንዴ?» አለችና ክፍሉን ሁሉ አሳቀችው። ምራቴም ፈገግ አለች። ጥርሷ ሳይታይ። እኔና እሷ በአልጋው ግራና ቀኝ ተቀምጠናል፣ መሀላችን ልጁና የግሉኮሱ ቱቦ ነው። አንድ ነገር ልላት ፈለግሁ። «ቃሉን አልሰማሁም» ልበል? ሰምቻለሁ፣ መስማቴን ደግሞ ታውቃለች። «አይምሰልሽ፣ ተናዶ ነው» ልበል? የልጄን አፍ እኔ ልጠርግ ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር ስንኖር ስለ ጨው፣ ስለ ሳሙና፣ ስለ ልጁ ሳል እንደ ወፍ ስንንጫጫ ኖረን፣ ዛሬ ምላሴ እንደ ደረቀ ስፖንጅ ሆነብኝ። እሷ የብርድ ልብሱን ጫፍ ከእግሩ ሥር ትጠቀጥቃለች፣ ትተውና እንደገና ትጠቀጥቃለች። ሐኪሟ አይብረደው ብላለችና።

እዚያው ተቀምጬ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ልጄ «አንቺ አለብሽ?» አላለኝም? እንግዲያው ይኑርብኝ! በእኔ ከተገኘ አፉ ይዘጋል፤ ከእናቱ መጣበት፣ ለልጁ አወረሰው፣ ነገሩ አለቀ። ሰው ሁሉ ከበሽታ አውጣኝ ብሎ ይጸልያል፤ እኔ ደግሞ ወደ ላቦራቶሪው ስወርድ፣ የደረጃውን ብረት ይዤ፣ «ጌታዬ ዛሬስ እባክህ አለብሽ በለኝ» እያልኩ ነበር። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ስማር በፈተና እንኳ እንዲህ አልጸለይኩም።

የላቦራቶሪው ልጅ ብዕሩን ጆሮው ላይ የሰካ ቀጭን ሰው ነው። ሲያየኝ ብድግ አለ።

«እማማ፣ ደም ለመስጠት ከሆነ የእርስዎን አንወስድም። በዚህ ዕድሜ ለራስዎም አይበቃዎት።»

«ልሰጥ አይደለም፣ ልታይ ነው።»

«ምንዎን አሞዎት?»

«ምንም።»

«ታዲያስ?»

«ያ የልጅ ልጄ ነገር እንዲገኝብኝ ነው።»

ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ሐኪሟን በስልክ ጠየቃት፣ «እሺ እያቸው» አለች መሰለኝ፣ ጣቴን ያዘና ወጋ። የእኔ ደም ቶሎ አልወጣም፣ ሁለት ጊዜ ጨመቀው። ጠብታውን ጣት በምታህል ትንሽ ፕላስቲክ ላይ አደረገና «ትንሽ ይቀመጡ» አለኝ። ተቀመጥኩ። በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ብልቃጦች በሙሉ ቀይ ቆብ አድርገዋል። የማን ደም እንደሆነ ማን ያውቃል አልኩ፤ ሁሉም አንድ ይመስላል፣ የሀብታሙም፣ የጥበቃውም፣ የክፉውም። ከዚያ የላቦራቶሪው ልጅ ፕላስቲኩን ወደ መብራቱ አነሣና ፊቱ በራ። «እንኳን ደስ ያለዎት እማማ! ደምዎ ነጻ ነው» አለኝ።

«ደህና አድርገህ እየው» አልኩት።

«አይቻለሁ፣ ነጻ ነዎት።»

«ሌላ ጣት አለኝ፣ ይኸው። የግራውን ውጋ።»

«እማማ፣ ደም በቀኝና በግራ አይለያይም እኮ።» አሁን አልሳቀም። እኔ ማልቀስ ጀምሬአለሁ፣ እሱ ደግሞ በዕድሜው ነጻ ነዎት ተብሎ የሚያለቅስ ሰው አይቶ ስለማያውቅ ጥጥ ይዞ ግራ ገብቶት ቆሟል፤ ጥጡን ለጣቴ ይስጥ ለዓይኔ አላወቀም። ዞር ስል ምራቴ በሩ ላይ ናት። የት ጠፉ ብላ ልትፈልገኝ ወርዳ ነው፣ በእጇ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ ይዛለች። ሁሉንም ሰምታለች። «እማማ፣ ምሳ አልበሉም» አለችኝና ዳቦውን ዘረጋችልኝ።

ሐኪሟን ኮሪደሩ ላይ ይዤ ጠየቅኋት። «ከእርስዎ ካልሆነ ከባለቤትዎ ይሆናላ» አለች። ባሌ ከሞተ ቆይቷል አልኳት። «ተሸካሚ ሰው ምንም ሳይታወቀው ኖሮ ይሞታል። አሁን የሚታወቀው በልጅዎ ብቻ ነው» አለችና ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ «እማማ፣ እኔን ከዚህ ሁሉ ያስጨነቀኝ ደሙ ነው። የደም ባንኩ ባዶ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረስ ካልተተካ ተራው ለሌላ ልጅ ያልፋል፣ ቀጣዩ ደግሞ ከወራት በኋላ ነው። ይኼ ልጅ ሌሊት ሌሊት ትንፋሹ እየተቋረጠ ወራት ባይጠብቅ እወዳለሁ» አለችኝ። እኔስ? እኔ አንድ ሌሊት አልወድም። የሆስፒታሉን ጥበቃ ለመንኩት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፤ ባለፈው ወር ሰጥቻለሁ አለኝ። የሕፃኗን እናት ለመንኳት፤ ታጠባለች። የምራቴ ዘመዶች የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ነው ያሉት። ሲዞር ሲዞር ሁሉም ተመልሶ ልጄ ጋ ቆመ።

ሲመሻሽ ልብስና ማንኪያ ለማምጣት ወደ ቤት ሄድን፤ ወፍራሟ ሴት «ጭነት መኪናውን እኔ እጠብቀዋለሁ» አለችን። ታክሲው ውስጥ ከምራቴ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ነበር፣ ሆኖም መሀላችን ሌላ ሰው የተቀመጠ ይመስል ነበር። እኔ በሆዴ አስላለሁ። ልጄ «ደምዎ ነጻ ነው» የሚለውን ከሰማ ይኼን ቃል መጥረቢያ ያደርገዋል፦ እናቴ ነጻ፣ እኔ ነጻ፣ እንግዲያው ልጁ የማን ነው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጠዋት ገና ከአፉ አልራቀም ነበር፣ ማታ ግን አፋፍ ላይ ይወጣል። ታክሲው ከመቆሙ በፊት ልዋሽ ቆርጬ ነበር።

ልጄ የሥራ ልብሱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፣ የፊተኛው ጠባብ ስለሆነ ሰው እግሩን ከዘረጋ መተላለፊያ የለም፤ እሱ ዘርግቷል። አውራ ጣቱን በፕላስተር ጠቅልሎታል፣ ዛሬም ቆርጦታል ማለት ነው። ምራቴ እግሩን ተሻግራ ወደ ውስጥ ገባች፣ ቁም ሳጥኑ ሲከፈት ተሰማኝ። እኔ ሹራቤን ሳላወልቅ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ተመረመርኩ» አልኩት።

«ማን አዘዘሽ?»

«ራሴን ራሴ አዘዝኩ። ተገኘብኝ።»

 ከዚያ ዓይኔ እያየ ፊቱ ላላ፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ተጨበጠ ቡጢ ነበር፣ ተከፈተ። «ከአንቺ ነዋ» አለ ቀስ ብሎ። «እና ከአንቺ ወደ እኔ…» ትንፋሹን ለቀቀና ወደ ጓዳው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰማሽ? ከእማዬ ነው አሉ። እኔም እኮ ተናድጄ ነው…» አለ። እንዲያውም ሊቀልድ ሞከረ፦ «አንቺ ሴትዮ፣ ከአንቺ የወረስኩት አፍንጫ አይበቃኝም ነበር?» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ለካ ውሸት እንዲህ ቀላል ነው፣ እሳቱ ጠፋ፣ ነገ ጠዋት ይሄዳል፣ ጣቱን ይሰጣል፣ ደሙን ይሰጣል፣ ልጁ ይተኛል፣ ይነቃል ብዬ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ጨርሼው ነበር።

ምራቴ የታጠፈ ፒጃማ በእጇ እንደያዘች በጓዳው በር ብቅ አለች።

«አልተገኘባቸውም» አለች።

«አንቺ ልጅ!» አልኩ።

«በሩ ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ‹ደምዎ ነጻ ነው› ነው ያሏቸው። ሌላ ጣት ውጋ ብለው ለመኑት፤ እሱም ነጻ ነዎት አላቸው።» ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። «እኔን ለማዳን ብለው ነው። እኔ ግን በእሳቸው ውሸት መዳን አልፈልግም፣ ያጠፋሁት የለኝምና። ዛሬ ያመንከው እሳቸውን ነው፣ እኔን አይደለም። ነገ ሌላ ነገር ሲመጣ ማን ይዋሽልኛል? ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መጥተህ ጣትህን ትሰጣለህ፣ ወይም አትሰጥም። እማማ ባንተ ፋንታ አይታመሙም።»

ተናደድኩባት። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ ከልጄ ይልቅ እሷ ላይ ተናደድኩ። ያጠፋሁትን እሳት ምን አድርጊ ተብላ ትጭረዋለች? ልጄ እኔን አየኝ፣ የልጅነት ዓይኑን አድርጎ፣ «እማዬ? ነጻ ነሽ?» አለ። ዓይኔን ወደ ወለሉ አወረድኩ። ያ መልስ ሆነለት፤ ፊቱ ተመልሶ ተጨበጠ።

«ይኸው! እሷ ነጻ ከሆነች እንግዲህ…»

«አባትህስ?» አልኩት።

«አባዬ ሞቷል።»

«አንተ አልሞትክም።»

ይህን እንዴት እንዳልኩት አላውቅም። ድምፄም የእኔ አልመሰለኝም።  ልጄ ፕላስተሩን በሌላው እጁ ጥፍር መላጥ ጀመረ፣ ጫፉን ያነሣና መልሶ ይለጥፈዋል። ምራቴ ፒጃማውን፣ ማንኪያውንና ፎጣውን በከረጢት አድርጋ መጣችና ከተዘረጋው እግሩ ፊት ቆመች። አሳልፈኝ አላለችም፣ አልተሻገረችውምም፤ ዝም ብላ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች። በመጨረሻ እግሩን ሰበሰበ፣ ቀና ብሎ ግን አላያትም። «ልጁን ብቻውን ትቼዋለሁ፣ ደህና ይደሩ እማማ» ብላኝ ወጣች። በኮረኮንቹ ላይ እርምጃዋ ራቅ፣ ራቅ አለ።

እኔ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር እንዲል ጠበቅሁት፤ ሰባት ወር ሳይሞላው የወለድኩት፣ አይተርፍም የተባለውን በብብቴ አሙቄ ያሳደግሁት ልጄ ነው። «እሺ» ቢለኝ፣ ግማሽ ቃል ቢለኝ፣ ቢሰድበኝም። እራት ላቅርብልህ ልለው ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ፤ ላቅርብልህ ካልኩት ነገሩ ሁሉ እንደ ወትሮው እንደሚሆን፣ በልቶ እንደሚተኛ፣ ሦስት ሰዓት እንደሚያልፍ ታወቀኝ። ፕላስተሩ ተላጠ። ከሥሩ ቁስሉ ገና እርጥብ ነው፣ አንዲት ጠብታ ወጣችና ሱሪው ላይ በጣቱ አሻት፣ እንደ አቧራ።

ተነሣሁ። ጫማዬን ስላላወለቅሁ መልበስ አላስፈለገኝም፤ ሹራቤን ቆለፍኩ፣ ለሞተሬ ቅያሪ ፎጣ ከገመዱ ላይ አወረድኩ።

«እማዬ፣ አንቺ ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?»

ለሱቅ እንኳ ስወጣ «መጣሁ» የምል ሰው ነኝ።

«እማዬ?» አለ እንደገና። አሁን ድምፁ ያነሰ ነው፤ ጨለማ የሚፈራ በነበረበት ጊዜ ከአልጋው ይጠራኝ የነበረበት ድምፅ።  በሩን ከኋላዬ ሳልዘጋው፣ ምንም ሳልለው ወጣሁ።